«ትል»፣ «ዕንቁላል»፣ «መከላከያ»፦ ስለ ጫጩት ጥገኞች በሚጻፈው አማርኛ ላይ የቀረበ ትችት

ለጓሮ ዶሮ አርቢዎች ተብለው በአማርኛ የሚዘጋጁት መምሪያዎች ስለ ቤቱ አሠራር፣ ስለ መኖና ስለ ዝርያ ምርጫ ሲጽፉ ቋንቋቸው በአመዛኙ የተሳካ ነው። ቆጥ፣ ጉዝጓዝ፣ ቄብ፣ ጫጩት፣ መታቀፍ፣ ኩስ የሚሉት ቃላት ከቤት የወጡ ስለሆኑ ጸሐፊው አይቸገርባቸውም፤ አንባቢውም አይሳሳትባቸውም። ወደ ጫጩት ሕመም ምዕራፍ ሲደረስ ግን አማርኛው በድንገት ይለወጣል። በተለይ የውስጥና የውጭ ጥገኞችን በሚመለከተው ክፍል አንድ ቃል አምስትና ስድስት ነገር ሲሸከም፣ አንድ ነገርም በጥቂት ገጾች ልዩነት ሦስት ስም ሲይዝ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድን መምሪያ ወይም አንድን ጸሐፊ ነጥሎ መንቀፍ አይደለም። በዘርፉ የተለመዱትን ቃላት አንሥቶ፣ ቃሉ አንባቢውን ምን እንዲያደርግ ያዘዋል? በሚል ጥያቄ መመርመር ነው።

ይህን መመዘኛ መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። ስያሜ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ቃሉ ከአማርኛ ወይም ከግዕዝ ሥር ይበቅላል ወይ፣ ለአነጋገር ይቀናል ወይ፣ ሌሎች ቃላትን ለማርባት ይመቻል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ የእንስሳት ሕክምና ቃል በመዝገብ ላይ ተቀምጦ የሚቀር ቃል አይደለም። በአገራችን ጫጩት የምታሳድገው በአብዛኛው የቤት እመቤት ናት፤ መምሪያውን ራሷ ወይም ተማሪ ልጇ ካነበበላት በኋላ በዚያው ቀን ወደ መድኃኒት መሸጫ ትሄዳለች፤ በጠራችው ስም መድኃኒት ይሰጣታል። ስሙ ከተሳሳተ ገንዘቡ ይባክናል፤ ጫጩቶቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃሉ።

በመጀመሪያ የሚነሣው «ትል» ነው። ቃሉ በአማርኛ እጅግ ሰፊ ነው። በሥጋ ላይ የሚፈላው የዝንብ ዕጭ ትል ነው፤ ጎመን የሚበላው ትል ነው፤ ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚወጣው ትል ነው፤ በሆድ የሚኖረውም ትል ነው። ለዕለት ንግግር ይህ ስፋት ጉዳት የለውም። መምሪያ ግን ለጫጩቶች በየጊዜው የትል መድኃኒት ይሰጥ ብሎ ብቻ ሲያልፍ ቢያንስ አራት የተለያዩ ፍጥረታትን በአንድ ከረጢት ከቷቸዋል። በቀጭኑ አንጀት የሚኖረው፣ ነጭና ወፍራም ክር የሚመስለው፣ እንስቷ እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝመው አስካሪድያ ጋሊ አንዱ ነው። በዕውር አንጀት የሚኖረውና ከ1 ሳንቲ ሜትር ተኩል የማይበልጠው ሄተራኪስ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው በትንፋሽ ቧንቧ ተጣብቆ ደም የሚመጠው ቀዩ ሲንጋመስ፣ አራተኛው ደግሞ ጠፍጣፋውና ባለ አንጓው ራይሊቲና ነው። ከእነዚህ አራቱ መካከል ፓይፐራዚን የተባለው ርካሽና በብዛት የሚገኝ መድኃኒት በሚገባ የሚያስወጣው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «የትል መድኃኒት ሰጥቻለሁ» ያለ አርቢ እንግዲህ በቃሉ አልዋሸም፤ ቃሉ ነው የዋሸው።

የሚገርመው የቤቱ አማርኛ ይህን ልዩነት ቀድሞ የሚያውቀው መሆኑ ነው። የአገራችን ሰው በራሱ ሆድ ያለውን ወስፋትና ኮሶ ብሎ ለይቷል። ወስፋት እንደ ክር የረዘመው፣ ኮሶ ጠፍጣፋውና በአንጓ እየተቆረጠ የሚወጣው ነው። ልዩነቱ በመልክ ብቻ አልቀረም፤ በመድኃኒትም ሄዷል። ለኮሶ የኮሶን አበባ፣ እንቆቆን ወይም መተሬን ጠጥቶ «ሻረ» ይላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ምን እንደሚጠጣ ያውቃል፤ እንዲያውም በኮሶ ላይ የዛፉ፣ የመድኃኒቱና የትሉ ስም አንድ ሆኗል። ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ከገለጸው በኋላ ቃሉ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮፓ የመድኃኒት መዝገቦች በራሱ ስም ገብቷል። የሊቃውንቱ አማርኛ በአንጻሩ «የውስጥ ትላትል» በሚል አጠራር ሁለቱን መልሶ ቀላቀላቸው። ከቤቱ ቃል ይልቅ የመምሪያው ቃል ደበዘዘ ማለት ነው።

ስለዚህ አስካሪድያን «የዶሮ ወስፋት» ማለት የተሻለ ነው እንላለን። ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው፣ የሰው ወስፋትና የዶሮው አንድ ዝርያ አይደሉም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሳይንሱ ራሱ ያደረገው ይህንኑ ነው። የሰውን ወስፋት አስካሪስ ብሎ፣ የዶሮውን ከዚያው ስም አርብቶ አስካሪድያ አለው። አማርኛውም «የዶሮ» የሚለውን ቅጽል በመጨመር የተደረገውን አደረገ እንጂ የተለየ ድፍረት አልፈጸመም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ወስፋት በንግግር የምግብ ፍላጎትን ጭምር ይገልጻል የሚል ነው፤ «ወስፋቴ ጮኸ» የሚል ሰው ርቦኛል ማለቱ ነው። ይህም በጎ አጋጣሚ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ትሉ የሚሻማው ምግብን ነውና።

ከዚህ ይልቅ መወገድ ያለበት በትምህርት መጻሕፍት ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተወሰደው «ክብ ትል» ነው። በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ ያለው ክብነት ትሉ ለሁለት ቢቆረጥ የሚታየው የቆራጩ ቅርጽ ነው፤ አማርኛ አንባቢ ግን ክብ ሲባል የሚታየው ቀለበት ነው። «ድቡልቡል ትል» የሚለውም አልተሻለም፤ ድቡልቡል የሚባለው እንደ ኳስ ያለው ነው። ከኩስ ውስጥ ቀለበት ወይም ኳስ የሚፈልግ አርቢ ወስፋቱን አይቶ ያልፈዋል።

በ«የዶሮ ኮሶ» ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሙ በመልክ ረገድ ትክክል ነው፤ በኩሱ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጥቶ የሚታየውን አንጓ ማንም ያውቀዋል። ችግሩ መምጫው ነው። የሰው ኮሶ የሚመጣው በአብዛኛው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ስለሆነ አንባቢው ጫጩቱም ከሥጋ አገኘው፣ ወይም ከዶሮው ሥጋ ወደ እኔ ይመጣል ብሎ ሊሰጋ ይችላል። የዶሮው ኮሶ መጓጓዣ ጉንዳንና ጥንዚዛ ናቸው፤ ጫጩት እነሱን ለቅማ ስትበላ ትይዛለች። እንግዲህ ስሙ መጀመሪያ በሚጻፍበት ቦታ መምጫው አብሮ ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻውን ይሄዳል። ስያሜን በስያሜ ብቻ ማዳን የማይቻልባቸው ጊዜያት አሉ፤ ይህ አንዱ ነው።

ስለ ሲንጋመስ አጭር ቃል ይበቃል። እንግሊዝኛው ይህን ትል የሚጠራው ጫጩቷ አፏን በመክፈቷ ምልክት ነው። ተርጓሚ ይህን «የማዛጋት ትል» ቢለው ቃሉን አግኝቶ ነገሩን ያጣል፤ በአማርኛ የሚያዛጋ እንቅልፍ የመጣበት ነው። ጫጩቷ አንገቷን ዘርግታ የምታጣጥረው አየር አጥታ ነው። «የትንፋሽ ቧንቧ ትል» የሚለው ቦታውን ስለሚናገር ከመዘዙ ነጻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በዚህ ከረጢት ውስጥ ጨርሶ መግባት የሌለበት ኮክሲድያ ነው። ኮክሲድያ ትል አይደለም። በዐይን የማይታይ፣ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ጥገኛ ነው፤ በጫጩት አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሲወጣም ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል። በዕውር አንጀት የሚራባው ኤይሜሪያ ቴኔላ የተባለው ዝርያ በተለይ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜ ደም የቀላቀለ ኩስ ያመጣል። ጫጩቷ ከዋጠችው ጊዜ ጀምሮ ዘሩ በኩስ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ይፈጅበታል፤ የወጣው ዘር እርጥብና ሞቅ ባለ ጉዝጓዝ ላይ በ1 ወይም በ2 ቀን ሌላ ጫጩት ለመያዝ ይበቃል። ወስፋት ደግሞ በጫጩቷ ውስጥ አድጎ ዕንቁላል እስኪጥል 5 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ የተጣለውም ዕንቁላል ሁለት ሳምንት ያህል በእርጥብ አፈር ላይ ካልቆየ አያጠቃም። አንደኛው በቀናት፣ ሁለተኛው በሳምንታት የሚቆጠር ነው። መድኃኒታቸውም አይገናኝም። ለኮክሲድያ የሚሰጠው አምፕሮሊየም፣ ቶልትራዙሪል ወይም ከሰልፋ ወገን የሆነ መድኃኒት ትልን አያስወጣም። የትል መድኃኒት የሆኑት ፓይፐራዚን፣ ሌቫሚዞልና ፌንቤንዳዞልም ኮክሲድያን አይፈውሱም።

ይህ ሁሉ ለእንስሳት ሐኪም ፊደል ነው። ታዲያ መምሪያዎቻችን ኮክሲድያን «የውስጥ ተውሳክ» በሚል ርእስ ከትሎች ጋር አሰልፈው፣ በምዕራፉ መጨረሻ «ለውስጥ ተውሳክ የትል መድኃኒት መስጠት» የሚል ምክር ሲያኖሩ ስሕተቱ የሙያ ዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የርእስ አሰጣጥ ስሕተት ነው። ጸሐፊው ልዩነቱን ያውቃል፤ ቃሉ ግን ልዩነቱን አልያዘለትም። በ4ኛ ሳምንቷ ደም የቀላቀለ ኩስ የጣለች ጫጩት ያለቻት እናት ርእሱን ተከትላ ፓይፐራዚን ገዝታ ትመለሳለች።

ሌሎች መምሪያዎች ይህን ለማምለጥ «የደም ተቅማጥ» ይላሉ። ይህ ስም አማርኛ ነው፤ ለሰሚው ግልጽ ነው፤ መስፈርቶችን ሁሉ ያሟላል። ቢሆንም መጥፎ ስም ነው። በሽታውን በአንድ ምልክት ስለሰየመው አንባቢው ምልክቱን ይጠብቃል። በቀጭኑ አንጀት የሚራባው ኤይሜሪያ አሰርቩሊና አብዛኛውን ጊዜ ደም አያሳይም፤ ጫጩቷ ትኮማተራለች፣ መኖ ትተዋለች፣ ታንሳለች እንጂ። በቴኔላም ቢሆን ደም ሲታይ የአንጀቱ ግድግዳ ቀድሞ ፈርሷል፤ ሞትም ወዲያው ይከተላል። ስሙ «ደም እስክታይ ቆይ» ይላል፤ ሕክምናው ደግሞ አትቆይ ይላል።

እዚህ ላይ የባዕድ ቃል ተቀብሎ ማደር ይሻላል። በአገራችን የስያሜ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚከበረው ቅደም ተከተል ከአማርኛ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ሌሎች የአገር ቋንቋዎች፣ በመጨረሻም ወደ ባዕድ ቃል የሚሄድ መሆኑ የታወቀ ነው። ቅደም ተከተሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቤቱ ቋንቋ ነገሩን ዐይቶ ለሰየመው ነው የሚሠራው። ወስፋትን ሰው በዐይኑ አይቷል፤ ኮሶን አይቷል፤ ኮክሲድያን በአጉሊ መነጽር ካልሆነ ያየው የለም። ባላየው ነገር ላይ ከሚያየው ነገር ስም ቢለጠፍበት ወደሚያየው ነገር ይሄዳል። ኮሶ ከእኛ ወደ አውሮፓ በስሙ እንደ ሄደ ሁሉ ኮክሲድያም ከዚያ ወደ እኛ በስሙ ቢመጣ የሚያሳፍር አይደለም። በመሠረቱ ቃሉ በግሪክ ፍሬ ከሚለው የወጣ ስለሆነ ሊቃውንቱ ወደ ግዕዝ ቢመልሱት የሚያገኙት ሌላ ፍሬ ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው አጻጻፉን አንድ ማድረግ ነው። ኮክሲዲያ፣ ኮክሲድያ፣ ኮክሲዲዮሲስ፣ ኮክሲዲዎስስ እየተባለ በአንድ መምሪያ ውስጥ ሲፈራረቅ አንባቢው አራት በሽታ ያለ ይመስለዋል። ፍጥረቱ «ኮክሲድያ»፣ ሕመሙ «የኮክሲድያ በሽታ» ቢባል ያለ ግሪክኛው ቅጥያ ሁሉም ይሟላል። መድኃኒቱም «የኮክሲድያ መድኃኒት» ይባል፤ «ፀረ ተውሳክ» አይባል።

ከኮክሲድያ ጋር ተያይዞ «ፈንግል» የሚለው የቤት ቃል መነሣት አለበት። የሙያው አማርኛ ፈንግልን ለኒውካስል በሽታ ወስኗል፤ ውሳኔውም ትክክል ነው። ቤቱ ግን ቃሉን ለብዙ ዶሮ ድንገተኛ ሞት ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ሰሚው ከ«ፈነገለ» ጋር እያያያዘው የወደቀ ሁሉ ፈንግል የያዘው ይመስለዋል። ኒውካስል በቫይረስ የሚመጣ፣ በክትባት እንጂ በመድኃኒት የማይመለስ ነው። ጫጩቶቿ በኮክሲድያ የሚያልቁባት እናት «ፈንግል ገባ» ብላ እጇን ከሰበሰበች የሚድነውን እንደማይድን ቆጥራለች ማለት ነው። ስለዚህ መምሪያ ስለ ኮክሲድያ ሲጽፍ ይህ ፈንግል አይደለም የሚለውን ዐረፍተ ነገር በግልጽ ማስገባት አለበት። ተርጓሚዎች ይህን የሚያስቀሩት በመነሻው ጽሑፍ ውስጥ ስለሌለ ነው። በመነሻው የሌለው የመነሻው ቋንቋ ይህ ችግር ስለሌለበት ነው።

ስለ «ተውሳክ» ራሱ ጥቂት እንበል። ቃሉ ከግዕዙ ወሰከ፣ ጨመረ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ጭማሪ ማለት ነው። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ዛሬም የዕለታትን ተውሳክ ሲደምር በዚህ ትርጉሙ ይሠራበታል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የእሑድ 7 እያለ። በዛሬው አማርኛ ግን ወደ እንከንና ወደ በሽታ አምጪ ዞሯል። ሰውነት ላይ ያለ አግባብ የተጨመረ ነገር ማለት ስለሚሆን አመጣጡ ውብ ነው፤ ግን ባክቴሪያውን፣ ቫይረሱን፣ ትሉንና ኮክሲድያውን ሁሉ ስለሚይዝ በመድኃኒት ርእስ ላይ ሊቆም አይችልም። «ጥገኛ» የሚለው ይሻላል። ተጠጋ ከሚለው የወጣ፣ በሌላው ላይ ተጠግቶ የሚኖርን የሚገልጽ ስለሆነ የሳይንሱን ሐሳብ በትክክል ይይዛል። «ጥገኛ ተውሳክ» እያሉ ሁለቱን ማጣመር ግን ድርብ ልብስ መልበስ ነው።

ወደ «ዕንቁላል» እንለፍ። በበግና በከብት መምሪያ ውስጥ «ዕንቁላሉ በበጠጥ ወይም በእበት ይወጣል» ቢባል የሚሳሳት የለም። በዶሮ መምሪያ ውስጥ ግን ዕንቁላል የሚለው ቃል ባለቤት አለው። «ዕንቁላሉ በእርጥብ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል»፣ «ጫጩቷ ዕንቁላሉን ስትውጥ ትያዛለች» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው የትኛውን ዕንቁላል ያስባል? የተሰበረ ዕንቁላል ለጫጩት ቀቅሎ መስጠት በየቤቱ የተለመደ ስለሆነ ስሕተቱ ሩቅ አይደለም። ከዚህም የባሰው፣ ትሉ በዶሮዋ ዕንቁላል አማካይነት ከእናት ወደ ጫጩት ይተላለፋል የሚለው ግምት ነው። አልፎ አልፎ ወስፋት ከአንጀት ወደ ዕንቁላል መውረጃው ዘልቆ በዶሮ ዕንቁላል ውስጥ ተዘግቶ መገኘቱ እውነት ነው፤ ይህ ግን ብርቅ አጋጣሚ እንጂ የመተላለፊያው መንገድ አይደለም። መንገዱ ኩስ፣ አፈር፣ መኖና ውኃ ነው።

መፍትሔው አዲስ ቃል መፍጠር አይመስለንም። ለቅማል ዕንቁላል አማርኛ «ቅጫም» የሚል የተለየ ስም አለው፤ ማንም ቅጫምን ከዶሮ ዕንቁላል ጋር አያምታታም። ለወስፋት ግን እንዲህ ያለ ስም ስለሌለ «የትል ዕንቁላል» የሚለው ጥምር ሳያሳጥሩ፣ ሳይሰለቹ፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጻፍ አለበት። ለአማርኛ ጆሮ ድግግሞሹ ይከብዳል፤ ይክበድ። የኮክሲድያውን ደግሞ ከዕንቁላል አውጥቶ «ዘር» ማለት ይበቃል፤ ዘር በመሬት ላይ የሚቆይ፣ እርጥበት ሲያገኝ የሚነቃ ነገር መሆኑን ገበሬ ያውቃልና። ይህ ከነገሩ ጠባይ ጋር ይገጥማል። ጉዝጓዙን ማድረቅ ለምን እንዳስፈለገም ቃሉ ራሱ ያስረዳል።

ቀጥሎ «መከላከያ» ነው። ይህ ቃል በጤና ጽሑፎቻችን ክትባትንም፣ ንጽሕናንም፣ አስቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒትንም ይሸፍናል። ሰሚው ግን በዋናነት የሚያያይዘው ከክትባት ጋር ነው። ክትባት ከግዕዙ ከተበ፣ ጻፈ ከሚለው ስለወጣ በሰውነት ላይ የሚቀር ጽሕፈት ነው፤ አንዴ ከተጻፈ ይቆያል የሚል እምነት ያሳድራል። የትል መድኃኒት «መከላከያ» ተብሎ ሲጻፍ ይህንኑ እምነት ይወርሳል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ፓይፐራዚን በዚያ ቀን በአንጀት ውስጥ ያገኘውን ወስፋት አደንዝዞ ያስወጣል፤ በማግስቱ ጫጩቷ ከዚያው አፈር ሌላ የትል ዕንቁላል ብትለቅም የሚያግዳት የለም። መድኃኒቱ ያጸዳል እንጂ አይከላከልም። ስለዚህ «ትል ማስወጣት» የሚለው ግሥ ከ«ትል መከላከል» ተለይቶ ይጻፍ። መከላከል ለጉዝጓዝ መለወጥ፣ ለመጠጫው ንጽሕና፣ ጫጩቶችን ከትልልቅ ዶሮዎች ለይቶ ለማሳደግና የሚግጡበትን ቦታ ለማፈራረቅ ይቀመጥ። ትልልቆቹ ሳይታመሙ የሚጥሉት ኩስ ከ3 ወር በታች ላሉት ዋና የመያዣ ምንጭ ነውና።

በኮክሲድያ ረገድ ግን «መከላከያ» ሌላ ትርጉም ይዞ ይመለሳል። በጀማሪ መኖ ውስጥ በጥቂቱ የተቀላቀለ አምፕሮሊየም በእርግጥ መከላከያ ነው፤ ለኮክሲድያ የተዘጋጀ ክትባትም አለ። አንድ ምዕራፍ ውስጥ አንዱ መድኃኒት መከላከያ፣ ሌላው ማስወጫ መሆኑን ሳይለይ «የመከላከያ መድኃኒቶች» ብሎ ሠንጠረዥ የሚያወጣ መምሪያ የሁለቱንም ትርጉም ያበላሻል።

ስለ ግሦቹ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። አማርኛ «ጋተ» የሚል ትክክለኛ ግሥ አለው፤ በእጅ አፍ ከፍቶ መድኃኒትን ማፍሰስ ነው። «ማጠጣት» ግን በመጠጫ ውኃ ቀላቅሎ ማቅረብንም ያካትታል። መምሪያዎች ሁለቱን እያፈራረቁ ይጽፏቸዋል። ለ50 ጫጩት በመጠጫ ውኃ የተሰላ መጠን ለአንዷ ጫጩት ቢጋት አደጋ ነው። በውኃ የሚሰጠው «ይጠጡ»፣ በእጅ የሚሰጠው «ይጋቱ» ተብሎ ሳይደባለቅ ይጻፍ።

የውጭ ጥገኞች ክፍል በአንጻሩ በቃል የበለጸገ ነው፤ ቅማል፣ ቁንጫ፣ መዥገር፣ ቅንቅን፣ ትኋን ሁሉም አሉ። ችግሩ እነዚህን ሁሉ «ተባይ» ብሎ መጠቅለሉ ላይ ነው። «ፀረ ተባይ» በገበሬው ቤት ቀድሞ የገባው በሰብል ላይ በሚረጨው መርዝ ነው። ለጫጩት ቅማል «ፀረ ተባይ ይነፋ» የሚል ምክር ያነበበ ሰው ለጤፍና ለጎመን የገዛውን ጠርሙስ ቢያነሣ ቃሉን በትክክል ተከትሏል። ጫጩቷ ግን ትሞታለች፤ ሥጋና ዕንቁላልም ይመረዛል። «ለዶሮ የተዘጋጀ የቅማል መድኃኒት» የሚለው ረጅም አባባል ከአጭሩ ይሻላል።

«መዥገር» የተለየ መከራ አለበት። አርጋስ የተባለው የዶሮ መዥገር የመዥገር ወገን መሆኑ ጥርጥር የለውም። ነገር ግን በከብት ላይ የምናውቀው መዥገር ተጣብቆ ቀናትን የሚያሳልፍ ነው። የዶሮው መዥገር ከአደገ በኋላ በሌሊት መጥቶ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ጠግቦ ወደ ግድግዳው ስንጥቅና ወደ ቆጡ ሥር ይመለሳል፤ በአካሉ ላይ ቀናትን የሚቆየው ገና በዕጭነቱ ሳለ ነው። ዶሮዋን በቀን አንሥቶ ላባዋን የገላለጠ አርቢ ምንም አያገኝም፤ «መዥገር የለባትም» ብሎ ይተዋታል፤ ዶሮዋ ግን ደሟ እያለቀ ይከሳል። በጠባዩ ከመዥገር ይልቅ ትኋንን ይመስላል። ቀዩ ቅንቅን፣ በሳይንስ ስሙ ደርማኒሱስ፣ እንዲሁ ሌሊት የሚመጣና ቀን በስንጥቅ የሚያድር ነው። ቅማል ግን ዕድሜውን ሙሉ ከላባ አይወርድም። እንግዲህ ለቅማል ዶሮዋ ትታከማለች፤ ለሌሎቹ ሁለቱ ቤቱ ይታከማል። «የቆጥ መዥገር»፣ «የቆጥ ቅንቅን» ብንላቸው ስሙ ራሱ መድኃኒቱ የሚረጭበትን ቦታ ያመለክታል። ቅንቅን እንጨት የሚበላውንም፣ ልብስ የሚበላውንም፣ ላባ የሚያረግፈውንም ስለሚጠራ ቅጽል ሳይጨመርበት ብቻውን መጻፍ የለበትም።

የመጨረሻው በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ቃል ነው። መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ሥጋና ዕንቁላል ሳይበላ የሚቆይበት ጊዜ በእንግሊዝኛ መተውን ወይም ማውጣትን በሚገልጽ ቃል ይጠራል። ይህን «መድኃኒቱን የማቋረጫ ጊዜ» ብሎ የተረጎመ ሰው ትእዛዙን ገልብጦታል። አንባቢው የሚረዳው ከ7 ቀን በኋላ መድኃኒቱን መስጠት አቁም የሚል ነው፤ የታዘዘው ግን መድኃኒቱ ካበቃበት ቀን ጀምሮ ለ7 ቀን አትብላ የሚል ነው። በዚህ አተረጓጎም ጫጩቷ የአንድ ቀኑን መድኃኒት ሰባት ቀን ትጠጣለች፤ ቄብ ሆና ዕንቁላል ስትጥልም መድኃኒት ያለበት ዕንቁላል ለልጅ ይቀርባል። «የመታቀቢያ ጊዜ» የሚለው ቃል ለመዝገበ ቃላት ይበቃል። በማሸጊያው ላይ ግን «መድኃኒቱ ካበቃ በኋላ ለዚህን ያህል ቀን ሥጋዋም ዕንቁላሏም አይበላም» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ።